ኮሙዩኒኬሽን ሳይንስን በትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር፦ ከምዝገባ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮሙዩኒኬሽን የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው የሰው ብዛት ነው። አዳራሹ ውስጥ ሦስትና አራት መቶ ተማሪ ይቀመጣል፣ መምህሩ ስም አያውቅም፣ አቴንዳንስ የሚይዝም ላይኖር ይችላል። ትምህርቱ ደግሞ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ስለ ዜና፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ሁለቱ ሲገናኙ ተማሪው ሳይወድቅም ሳይማርም ሦስት ዓመት ያልፉና መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ይጣበቃል። ጉዱ የሚታየው እዚያ ይሁን እንጂ የሚጀምረው በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ስታትስቲክስና የምርምር ዘዴ የሚባሉትን ኮርሶች “ቆይቼ እወስዳቸዋለሁ” ሲል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሆን ብሎ ወደ ዘዴው ያደላል።

ከመመዝገባችሁ በፊት

“ኮሙዩኒኬሽን” በሚል ስም ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች ይሰጣሉ። አንዱ ሙያ ተኮር ነው፦ ዜና መጻፍ፣ ካሜራ፣ ኤዲቲንግ። ሁለተኛው ሕዝብ ግንኙነት፣ ማስታወቂያና የድርጅት ተግባቦት ነው። ሦስተኛው ተግባቦትን ራሱን የሚያጠናው ሲሆን ሥነ ምልክትን፣ ሶሲዮሎጂን፣ ሥነ ልቦናንና ስታትስቲክስን ይዟል። የፕሮግራሙን ስም ትታችሁ የኮርስ ዝርዝሩን አንብቡ። ዝርዝሩ ውስጥ የጆሮና የጉሮሮ አካላት አሠራር፣ ፎነቲክስና የመስማት ምርመራ ካያችሁ ደግሞ ሌላ አገር ገብታችኋል፤ እሱ የንግግርና የመስማት ችግር ሕክምና ትምህርት ነው። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ስሙ ከኮሙዩኒኬሽን ሳይንስ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ሳያውቅ የሚመዘገብ አይጠፋም።

ከዚያ የዘዴ ኮርሶቹን ቁጠሩ። ከሁለት በታች ከሆኑ ጉድለቱን በምርጫ ኮርስ ከሶሲዮሎጂ ወይም ከስታትስቲክስ ዲፓርትመንት ለመሙላት ከአሁኑ አስቡ። የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ጎረቤት ዲፓርትመንቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የሰው ብዛቱን ችላችሁ ይህን ሳትጠቀሙበት ከቀራችሁ ግን ጉዳቱን ብቻ ወሰዳችሁ ማለት ነው።

ሰዓቱን አስሉ

በአውሮፓው ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ክሬዲት ሥርዓት) አቆጣጠር 1 ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ነው። የ6 ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ ከ150 እስከ 180 ሰዓት ይጠይቃል። ትምህርቱ በሳምንት 3 ሰዓት ለ14 ሳምንት ቢሰጥ አዳራሽ ውስጥ የምታሳልፉት 42 ሰዓት ብቻ ነው። ከ100 በላይ የሆነው ቀሪው ሰዓት ማንም የማይቆጣጠረው የእናንተ ሥራ ነው። የሌላ አገር አቆጣጠር ቢለያይም የክፍል ውስጥ ሰዓት ከጠቅላላው ማነሱ የትም ያው ነው።

ስታትስቲክስን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሴሚስተር ውሰዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የምርምር ዘዴ ኮርስ ስታትስቲክስን ይፈልጋል፣ መመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ የምርምር ዘዴን። አንዱን አንድ ሴሚስተር ብታዘገዩ፣ ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሰንሰለቱ በሙሉ አንድ ዓመት ይገፋል። ምዝገባ በተከፈተ ዕለት ሁለት ተለዋጭ የጊዜ ሰሌዳ ይዛችሁ ቅረቡ፤ የልምምድ ክፍሎች ትንንሽ ስለሆኑ ቶሎ ይሞላሉ፣ ጠቃሚዎቹም እነሱ ናቸው።

የቲዎሪ ካርድ

የመጀመሪያው ዓመት በቲዎሪ ስሞች የታጨቀ ነው። ስላይድ መሸምደድ አያዋጣም፤ ስላይዱ መደምደሚያውን ይነግራችኋል እንጂ መደምደሚያው ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም፣ ጥሩ ፈተና ግን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ቲዎሪ ግማሽ ገጽ ወረቀት ያዙና ስድስት መስመር ሙሉ፦ ማን መቼ፣ ምን ጠየቀ፣ እንዴት አጠና፣ ምን አገኘ፣ ምን አላረጋገጠም፣ ከየትኛው ቲዎሪ ጋር ይሟገታል።

አጀንዳ ቀረጻን እንሙላ። ማክስዌል ማኮምብስና ዶናልድ ሾው፣ 1972 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የጠየቁት፦ ሚዲያ ብዙ ቦታ የሚሰጠው ጉዳይ መራጩም ዘንድ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል ወይ? ዘዴ፦ በ1968ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ፣ በቻፕል ሂል ከተማ፣ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልቆረጡ 100 መራጮችን ዋና ጉዳይ የሚሉትን ጠየቁ፤ በዚያው ሰሞን መራጮቹ የሚከታተሏቸውን ጋዜጦች፣ መጽሔቶችና የቴሌቪዥን ዜናዎች ይዘት ቆጠሩ። ያገኙት፦ የሁለቱ የደረጃ ቅደም ተከተል እጅግ የተቀራረበ ነበር። ያላረጋገጡት፦ ይህ ተዛምዶ ነው፤ ሚዲያው ሕዝቡን መራ ወይስ ሕዝቡ ሚዲያውን፣ በአንድ ጊዜ ልኬት አይለይም። የለኩትም የመራጮቹን ድምር እንጂ የአንድን ሰው አእምሮ አይደለም። ሙግቱ፦ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በ1940ው ምርጫ በኦሃዮ ግዛት ባደረጉት ጥናት ሚዲያ የሰውን ምርጫ እምብዛም እንደማይቀይር፣ ሐሳቡም በሰፈር አዋቂዎች በኩል እንደሚተላለፍ ደምድመው ነበር፤ ማኮምብስና ሾው ጥያቄውን “ምን ያስባሉ?” ከሚለው “ስለ ምን ያስባሉ?” ወደሚለው አዞሩት።

አምስተኛው መስመር ባዶ ከቀረ ቲዎሪው ገና አልገባችሁም። ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ ሂዱና የዘዴውን ክፍል አንብቡ።

በየዓመቱ ከማይጠፉ ስህተቶች አንዱ በክላውድ ሻነን የ1948 ሞዴል ላይ የሚሠራው ነው። መሐንዲሱ ሻነን የጻፈው እንደ ስልክ ባለ መስመር ላይ ምልክት እንዴት ሳይበላሽ እንደሚያልፍ ነው፤ የመልእክቱ ትርጉም ለምሕንድስናው ችግር አግባብ እንደሌለው በግልጽ አስቀምጧል። በእሱ ዘንድ “ጫጫታ” ማለት ምልክቱ ላይ የሚጨመር መዛባት ነው። ተማሪው ግን “ጫጫታ ማለት የባህል ልዩነት ነው” ብሎ ይጽፋል፣ “ግብረ መልስ”ንም በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ይጨምራል። ሁለቱም በኋላ ሌሎች ያመጧቸው ናቸው፤ ለሻነን ስትሰጡት ነጥብ ታጣላችሁ።

ጥናታዊ ጽሑፍ አነባበብ

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ ወደ ታች አትውረዱ። አጭር መግለጫውን አንብባችሁ ቀጥታ ወደ ዘዴው ክፍልና ወደ ሠንጠረዦቹ እለፉ፤ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ በራሳችሁ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የደራሲውን ማብራሪያ ከዚያ በኋላ አንብቡና አወዳድሩ። ደራሲው ሠንጠረዡ ከሚለው በላይ ሲናገር የምትይዙት በዚህ መንገድ ብቻ ነው። መግቢያውና የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ መጨረሻ ይሁኑ።

ምንጮቻችሁን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ መያዣ ሶፍትዌር ላይ አስቀምጡ፤ ነፃ ነው። የማጣቀሻ ዝርዝር በቻትቦት ማሠራት ግን አደጋ አለው፤ ቻትቦቶች የሌለ ጽሑፍ በእውነተኛ ተመራማሪ ስም ሊፈጥሩ ይችላሉ፣ መምህሩም ቁልፍ ተጭኖ በደቂቃ ያገኘዋል።

የይዘት ትንተና፣ ከጥያቄ እስከ ቁጥር

የይዘት ትንተና ማለት ዜናን ወይም ሌላ ጽሑፍን በተወሰኑ ምድቦች ከፋፍሎ መቁጠር ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ በደንብ ልወቅ የሚል ተማሪ ይህን ይወቅ። መሣሪያ አይጠይቅም፣ ጋዜጣና ኤክሴል ይበቃል፣ የተማሪውንም ልክ ያሳያል።

ጥያቄውን አጥብቡ። “ሚዲያ ጎርፍን እንዴት ይዘግባል?” አይቆጠርም። “ስለ ጎርፍ በተጻፉ ዜናዎች ውስጥ ቃሉ የሚጠቀሰው ማን ነው፣ ባለሥልጣን ወይስ ሌላ ሰው?” ይቆጠራል።

ናሙናው ቀጥሎ ይመጣል። በተከታታይ ያሉ 14 ቀኖችን አትውሰዱ፤ በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ ነገር ከተከሰተ ዓመቱን ሙሉ ያንን ይመስላችኋል። ለዕለታዊ ጋዜጣ የሚሠራበት ስልት “የተሠራ ሳምንት” ይባላል። የዓመቱን 52 ሰኞዎች በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ 2 በዕጣ አውጡ፣ ከ52 ማክሰኞዎች 2፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ እሑድ። በጠቅላላው 14 እትም ይሆናል። ዳንኤል ሪፍና ባልደረቦቹ በ1993 ባወጡት ጥናት ለስድስት ወር ዕለታዊ ጋዜጣ አንድ የተሠራ ሳምንት እንደሚበቃ አሳይተዋል፤ ለአንድ ዓመትም ሁለት ይበቃሉ ብለዋል። ስልቱ የተፈለገው የጋዜጣ ውፍረትና ይዘት በሳምንቱ ቀን ስለሚለያይ ነው። አልፎ አልፎ ለሚከሰት ጉዳይ ግን አይሆንም፦ በ14ቱ እትሞች ውስጥ ጎርፍ ሁለት ጊዜ ብቻ ሊነሳ ይችላል። እንዲህ ሲሆን በርዕሰ ጉዳዩ ላይ የወጡትን ዜናዎች ሁሉ ዘርዝራችሁ ከዝርዝሩ ዕጣ አውጡ።

ከዚያ የኮድ መመሪያ፣ ማለትም እያንዳንዱ ነገር በየትኛው ምድብ እንደሚገባ የሚወስን ጽሑፍ፣ ይጻፋል። ከስድስት እስከ ስምንት ተለዋዋጭ (የምትመዘግቡት ባሕርይ) ይበቃል፤ ሃያ የሚያስገባ ተማሪ አሥራ አራቱን አይጠቀምባቸውም። ለእያንዳንዱ ምድብ ትርጉም፣ አንድ ምሳሌና “ይህን አይጨምርም” የሚል አንድ ድንበር አስቀምጡ። የምትቆጥሩት አሃድ ምን እንደሆነም ቁረጡ፦ ዜናው በሙሉ ነው፣ አንቀጹ ነው፣ ወይስ የተጠቀሰው ሰው? በዚህ ጥያቄ የተጠቀሰው ሰው ነው። ናሙናው ውስጥ በሌሉ 20 ዜናዎች ላይ ሞክሩት። “ሌላ” የሚለው ምድብ ውስጥ ብዙ ነገር ከተከማቸ መመሪያው ጎድሏል፤ ምድብ ጨምሩ።

አሁን ሁለት ሰው፣ ተለያይተው ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ፣ እነዚያኑ አሃዶች ኮድ ያድርጉ። ሥራው የሚፈተነው እዚህ ነው። 100 የተጠቀሱ ሰዎችን ወስደው እንዲህ ሆነ እንበል፦

ሁለቱም “ባለሥልጣን” ያሉት፦ 70
ሁለቱም “ሌላ” ያሉት፦ 15
የመጀመሪያው “ባለሥልጣን”፣ ሁለተኛው “ሌላ” ያሉት፦ 10
የመጀመሪያው “ሌላ”፣ ሁለተኛው “ባለሥልጣን” ያሉት፦ 5

ስምምነቱ 85 በመቶ ነው። ያምራል፤ ግን ያታልላል። ባለሥልጣኑ ስለበዛ በጭፍን ቢሞሉትም ብዙ ይስማሙ ነበር። የመጀመሪያው “ባለሥልጣን” ያለው 80፣ ሁለተኛው 75 ነው። በአጋጣሚ የሚጠበቀው ስምምነት 0.80 × 0.75 ሲደመር 0.20 × 0.25፣ ማለትም 0.65 ነው። በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት ቀንሶ የሚለካው የኮኸን ካፓ (0.85 − 0.65) ÷ (1 − 0.65) = 0.57። ሌላው ተመሳሳይ መለኪያ፣ የክላውስ ክሪፕንዶርፍ አልፋም በዚህ መረጃ 0.57 ይሰጣል። ክሪፕንዶርፍ ለአልፋ ያስቀመጠው መለኪያ 0.80ና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ እስከ 0.667 ድረስ ለጥንቃቄ መደምደሚያ ብቻ ይታገሳል። ስለዚህ ይህ ሥራ ወድቋል፣ 85 በመቶ ቢስማሙም።

ሲወድቅ የሚደረገው እንዲህ ነው። የተለያዩባቸውን 15ቱን ዘርዝራችሁ አንድ በአንድ እዩ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ቦታ ይከማቻል፦ የቀድሞ ባለሥልጣን፣ ስሙ ያልተጠቀሰ “ምንጭ”፣ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪም። ለእነዚህ ድንበር ጻፉ፣ ለምሳሌ “በዜናው ላይ በሥልጣኑ የተጠራ ብቻ ባለሥልጣን ይባላል”። ከዚያ አዲስ አሃዶች ወስዳችሁ እንደገና ኮድ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን 15 ተወያይታችሁ አስማምታችሁ ያንኑ ቁጥር ሪፖርት ማድረግ ግን ማጭበርበር ነው። ብዙ ቡድን ይህን የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን ጊዜ አጥሮት ነው፤ ስለዚህ ለሙከራው ሁለት ሳምንት ያዙለት።

መጠይቅና ቃለ መጠይቅ

384 የምትባለዋ ቁጥር በተማሪ ፕሮፖዛል ላይ እንደ ጸሎት ትደገማለች። የመጣችው ከዚህ ስሌት ነው፦ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.25 ተባዝቶ፣ ለ0.0025 ሲካፈል። ማለትም 95 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ። ወሰኑን 3 በመቶ ብታደርጉት 1,067 ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ግን የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው በዕጣ የመመረጥ የታወቀ ዕድል ሲኖረው ነው። መጠይቁን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፋችሁ 384 ሰው ስለሞላላችሁ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ አይሆንም፤ የስህተት ወሰን ብሎ ነገርም የለውም። እንዲህ ከሰበሰባችሁ “በቀላሉ የተገኘ ናሙና ነው” ብላችሁ ጻፉና ስለ ሕዝቡ አትደምድሙ። ሐቁን የጻፈ ተማሪ አይቀጣም፣ የሸፈነው ይቀጣል።

መጠይቁን ከማሰራጨታችሁ በፊት ስምንት አሥር ሰው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያሰበ ይሙላው። “ዜናው ፈጣንና ታማኝ ነው?” የሚለው ሁለት ጥያቄ መሆኑ የሚታያችሁ ሰውየው “ፈጣንስ ነው…” ብሎ ሲያንገራግር ነው።

ለቃለ መጠይቅ ደግሞ ይህን አስሉ፦ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። 15 ሰው ለየአንድ ሰዓት አናግራለሁ ያለ፣ ትንተናውን ሳይጨምር፣ ከ60 እስከ 90 ሰዓት ተበድሯል።

መምህሩን ማግኘት

አራት መቶ ተማሪ ያለው መምህር መልስ የሚሰጠው አጭርና ቁርጥ ላለ ጥያቄ ነው። “መምህር፣ ፕሮጀክቱ አልገባንም” ለሚለው መልስ የለም። እንዲህ ጻፉ፦

ርዕስ፦ ኮሙ 214፣ ምድብ 3፣ ስለ ናሙና አንድ ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ መምህር። የኮሙ 214 ምድብ 3 ተማሪ ነኝ። ለይዘት ትንተናው የመረጥነው ጋዜጣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ስለሚወጣ የተሠራ ሳምንት መሙላት አልቻልንም። ከማክሰኞ እትሞች 6፣ ከዓርብ እትሞች 6 በዕጣ ለማውጣት አስበናል። ያስኬደናል? ካልሆነ ሐሙስ በቢሮ ሰዓትዎ ልመጣ እችላለሁ። ከአክብሮት ጋር (ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር)።

ጥያቄው አንድ ነው፣ የሞከራችሁት አለ፣ በ“አዎ” ወይም በ“አይ” ይመለሳል። ልምምድ የሚያስተምሩትን ረዳት መምህራንም አትናቁ፤ ወረቀታችሁን ብዙ ጊዜ የሚያርሙት እነሱ ናቸው። በቢሮ ሰዓት ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት አትሂዱ፣ ሰልፍ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ላይ ግን ቢሮው ባዶ ነው።

የግሩፕ ሥራ

ሥራውን በምዕራፍ አትከፋፈሉ። አንዱ መግቢያ፣ አንዱ ዘዴ፣ አንዱ ውጤት ሲጽፍ የሚወጣው ሦስት የማይተዋወቅ ወረቀት ነው። በሥራ ዓይነት ተከፋፈሉ፦ ሁለት ኮድ አድራጊ፣ አንድ ስሌትና ሠንጠረዥ፣ አንድ ሙሉውን የሚጽፍ። ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ አምስተኛው ብዙ ጊዜ ስሙን ብቻ ያስገባል፤ ማን ምን እንደሠራ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ማስገባት ለጠብ ፍቱን መድኃኒት ነው።

መመረቂያ ጽሑፍ

“የማኅበራዊ ሚዲያ ተፅዕኖ በወጣቶች ላይ” የሚል ርዕስ ይዛችሁ አማካሪ ጋ አትግቡ። ተፅዕኖ ለማለት ሙከራ ወይም እነዚያኑ ሰዎች ደጋግሞ የሚጠይቅ ጥናት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሴሚስተር፣ በአንድ መጠይቅ አይገኝም። “አጠቃቀም”፣ “ተዛምዶ”፣ “አቀራረብ” በሚሉት ቃላት ብትተኩት ግማሹ ችግር ይቀላል። ርዕሱ ውስጥ አንድ ሚዲያ፣ አንድ ጉዳይ፣ የተወሰነ ጊዜ ይኑር።

ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለማረምና ለማሳተም ሁለት ሳምንት፣ አማካሪው አንብቦ እስኪመልስ ሦስት፣ ለመጻፍ አራት፣ ለትንተና ሁለት፣ ለመረጃ ስብሰባና ለሙከራ አምስት። 16 ሳምንት ሆነ፣ ፕሮፖዛሉ ሳይቆጠር። ሴሚስተሩ 14 ከሆነ ፕሮፖዛሉ ባለፈው ሴሚስተር ማለቅ ነበረበት። አማካሪም የምትጠይቁት ያኔ ነው፤ ጥሩዎቹ ቶሎ ይሞላሉ።

ጥሬ መረጃውን የያዘውን የኤክሴል ፋይል አትንኩት፤ ስሙ ላይ “ጥሬ” ብላችሁ ጽፋችሁ ቆልፉት፣ ሥራውን በቅጂው ላይ ሥሩ። አንድ አምድ ብቻውን ሲደረደር መልሱ ሁሉ ከሰዉ ይለያያል፣ አስቀምጣችሁ ከዘጋችሁት በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። ቅጂው ላይ ከሆነ የጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ነው።